የባርኔጣ ስፒል

የባርኔጣ ስፒል የሴቶችን ባርኔጣ ከጸጉር ጋር አያይዞ ለመያዝ የሚያገለግል፣ አንዱ ጫፉ ሹል ሆኖ በሌላው ጫፉ ጌጥ ያለበት ረጅም የብረት መርፌ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በአውሮፓና በአሜሪካ በሰፊው ይሠራበት ነበር። ሴቶች በመንገድና በትራም ላይ ከሚለክፏቸው ወንዶች ራሳቸውን ለመከላከል ስለተጠቀሙበት ከጌጥነቱ ሌላ በመሣሪያነቱም ይታወቃል። በዚህም ሳቢያ በተለያዩ ከተሞች ሕግ ወጥቶበታል።

አሠራርና መጠን

ቀደም ሲል የሴቶች ባርኔጣ አገጭ ሥር በሚታሰር ጥብጣብ ይያዝ ነበር። ጥብጣቡ ሲቀር ስፒሉ ቦታውን ተካ። ከ1900 እ.ኤ.አ. በኋላ ባርኔጣው እየሰፋ፣ ጸጉርም ወደ ላይ ተከምሮ መሠራት ሲጀምር፣ ስፒሉ ባርኔጣውንና ጸጉሩን አልፎ በሌላው በኩል መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርስ ነበር። ጌጡ ከመስተዋት፣ ከብር ወይም ከከበረ ድንጋይ ይሠራል።

ራስን ለመከላከል

በዚያ ዘመን በፋብሪካ፣ በሱቅና በቢሮ የሚሠሩ ሴቶች ቁጥር ጨመረ። ብዙዎቹም ያለ አጃቢ በትራምና በባቡር መመላለስ ጀመሩ። ለከፋም አብሮ መጣ። ስፒሉ ሁልጊዜ ከራስ ላይ የማይለይ፣ ብዙ ጉልበት የማይጠይቅና እንደ ጦር መሣሪያ የማይቆጠር ዕቃ ስለነበር ለመከላከያ አመቺ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1903 በኒው ዮርክ ከተማ በፈረስ በሚጎተት የሕዝብ ሠረገላ የምትሄድ አንዲት የካንሳስ ወጣት፣ አጠገቧ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ እየተጠጋ ክንዱን በጀርባዋ ሲያዞርባት ስፒሏን መዝዛ ክንዱን ወጋችው። ሰውየው ጮኾ በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። ጋዜጦችም ወሬውን አሰራጩት።

ሕግና ክርክር

ስፒሉ ያላሰቡትንም ይጎዳ ነበር። በተጨናነቀ ትራም ውስጥ ከባርኔጣ የወጣ ሹል ጫፍ የሌላ ተሳፋሪ ፊት ወይም ዓይን ሊወጋ ይችላል። የቺካጎ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1910 ከባርኔጣው ከግማሽ ኢንች (1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ) በላይ የሚወጣ ስፒልን በ68 ድምፅ ለ2 ከለከለ። ቅጣቱ እስከ 50 ዶላር ነበር። የተቃወሙ ሴቶች፣ ስፒሉን ከመንጠቅ አስቀድሞ መንገዱን ለሴት ሰላማዊ ማድረግ ይገባል ሲሉ ተከራከሩ። ሕጉ የስፒሉን ርዝመት ሲወስን ስፒሉን ስላስመዘዘው ለከፋ ያለው ነገር አልነበረም።

ተመሳሳይ ደንብ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞችና በጀርመን በሐምቡርግ ወጣ። በአውስትራሊያ በሲድኒ ደግሞ ቅጣቱን አንከፍልም ያሉ ሴቶች ታስረዋል። ነጋዴዎችም የሹሉን ጫፍ የሚሸፍን ቆብ መሸጥ ጀመሩ።

መቅረቱ

ስፒሉን ከአገልግሎት ያስወጣው ግን ከሕጉ ይልቅ የፋሽን ለውጥ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920ዎቹ ሴቶች ጸጉራቸውን አሳጠሩ፤ ባርኔጣውም ትንሽና ራስ ላይ ልክክ የሚል ሆነ። እንዲህ ያለው ባርኔጣ ረጅም ስፒል አያስፈልገውም። ዛሬ የባርኔጣ ስፒል በብዛት የሚገኘው በሙዚየምና በጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ነው።