ነርሷ የምታየው ጤና

በስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል ጥሩ ነርስ ታካሚዋን ጫማና ካልሲ ሳታስወልቅ አትሸኝም። በጣቶቹ መካከል ያለውን ቆዳ ገለጥ ገለጥ አድርጋ ታያለች። ከዚያ ሞኖፊላመንት የምትባለውን ቀጭን የናይሎን ክር ውስጥ እግር ላይ ጫን እያደረገች፣ «እማማ፣ ይሄ ይሰማዎታል?» ትላለች። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ስሜቱን ያጣል፤ ምስማር ቢወጋው እንኳ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። ጥያቄዋም በዚህ አያበቃም። ጫማው ይጠባል ወይ? በባዶ እግር ይሄዳሉ? ፍሪጅ ከሌለ ኢንሱሊኑን የት ያስቀምጡታል? (ውጪው በውሃ የሚርስ የሸክላ ማሰሮ ከሙቀት ይታደገዋል።) ጾም ሲገባስ እንዴት ያደርጋሉ?

እንዲህ የሚያስጠይቃት ነርሲንግ ስለ ጤናና ሕመም ያለው አመለካከት ነው። ሁለት ሰዎች እኩል የስኳር መጠን አላቸው እንበል። አንደኛው መድኃኒቱን በሰዓቱ እየወሰደ ሥራውን ይሠራል፤ ሌላው ተስፋ ቆርጦ ከቤት መውጣት ትቷል። የላቦራቶሪው ወረቀት አይለያቸውም፤ ነርሷ ግን በሽታው አንድ፣ ሕመሙ ሁለት መሆኑን ታያለች። የደም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል። በተቃራኒው ምርመራው ሁሉ ደህና የሆነለት ሰው እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ አስጠልቶት ይሰቃያል። እንዲህ ያለውን ሰው «ምንም የለብህም» ብሎ መሸኘት ግማሽ ሕክምና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት ሕገ መንግሥት ጤናን ከበሽታ ነፃ መሆን ብቻ አላደረገውም፤ የተሟላ አካላዊ፣ አእምሯዊና ማኅበራዊ ደህንነት ነው ብሎታል። ታላቅ ሐሳብ ነው፤ ግን በዚህ ሚዛን ጤነኛ የሚባል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ለነርስ ሥራ ይበልጥ የሚመቸው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ትራቪስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው መስመር ይመስለኛል። መስመሩ በአንድ ጫፍ ያለ ዕድሜ መሞትን፣ በሌላው ከፍተኛ ደህንነትን ይዟል። መሀል ላይ የቆመ ሰው አልታመመም፤ ግን ደህና ነው ማለትም አይደለም። ዋናው ነገር ፊቱን ወዴት አዙሯል የሚለው ነው። የማይድን በሽታ ያለበት ሰውም ወደ መልካሙ ጫፍ ሊራመድ ይችላል።

ጤናን በዚህ ሰፊ ዓይን ማየት ከአልጋው አጠገብ ምን ሥራ እንደሚሆን ካሳዩት አንዷ አሜሪካዊቷ ነርስ ቨርጂኒያ ሄንደርሰን ናት። እንደ እርሷ አስተሳሰብ የነርስ ሥራ፣ ሰው ጉልበቱ፣ ፈቃዱና ዕውቀቱ ቢኖረው ለራሱ ያደርገው የነበረውን ማገዝ፣ ቶሎም ራሱን እንዲችል ማድረግ ነው። የሰውን መሠረታዊ ፍላጎቶች 14 አድርጋ ዘረዘረቻቸው። መተንፈስ፣ መብላት፣ መተኛትና ንጽሕናን መጠበቅ አሉበት፤ የሆድን ለሰው መናገር፣ እንደ እምነት ማምለክ፣ ሠርቶ እርካታ ማግኘት፣ መጫወትና መማርም አሉበት። ስለዚህ የጾም ጥያቄ ከነርሲንግ ውጭ አይደለም። የስኳር ታካሚዋ እምነቷ ምን እንደሚያዝዛት ሳትጠይቅ የመድኃኒቷን ሰዓት የምታስረዳ ነርስ ምክሯ ከክፍሉ አይወጣም።

በአገራችን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ከዚህ አመለካከት ጋር ይገናኛል። ሠራተኞቹ ያልታመመውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄደው ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና ክትትል ያነጋግሩታል። ጤና ከሚጠበቅባቸው ቦታዎች አንዱ ጓዳው ነውና።

እንግዲህ ነርሷ እንቅልፍዎን፣ ጫማዎን፣ የመድኃኒት መግዣዎን ስትጠይቅ ሥራዋን እየሠራች ነውና እውነቱን ይንገሯት። ጠበል ስለጀመሩ ክኒኑን አቁመው ከሆነ ይህንንም አይደብቋት፤ በጾም ወቅት ምን እንደሚያደርጉም ጾሙ ሳይገባ አስቀድመው ያማክሯት።