ብርሃን፣ ወቅትና ስሜት፦ አዩርቬዳና አስተውሎት በፊዚክስ ዐይን ሲታዩ

የዶክትሬት ትምህርታችንን ለመከታተል ወደ ሰሜን አውሮፓ በሄድንበት ዓመት፣ ኅዳር ከገባ በኋላ አንድ እንግዳ ነገር ደረሰብን። እንቅልፍ አልጠግብ አለን፤ ከዳቦና ከጣፋጭ በቀር የሚያሰኘን ምግብ ጠፋ፤ በጉጉት የጀመርነውን ስሌት ገልጦ ማየት እንኳ ከበደን። ነገሩን ስንፍና ነው ብለን ደምድመን፣ ትምህርቱን አቋርጠን ወደ አገራችን ለመመለስ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደረስን። ደብዳቤው ሳይላክ የቀረው ጐረቤታችን በነበረ ህንዳዊ የኬሚስትሪ ተማሪ ምክንያት ነው። «ይህ የወቅቱ ነው እንጂ ያንተ አይደለም» አለን። እርሱ ጠዋት ጠዋት ገላውን የሰሊጥ ዘይት ይቀባል፣ ዝንጅብል አፍልቶ ይጠጣል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ያለችውን ጥቂት ፀሐይ ፍለጋ ይወጣል። ከአያቱ የተማረው የአዩርቬዳ ሥርዓት መሆኑን ሲነግረን በልባችን ፈገግ አልን። ፈገግታችን ግን ካለማወቅ የመነጨ ነበር።

እንደሚታወቀው ወቅቶች የሚፈራረቁት ምድር ለፀሐይ ስለምትቀርብና ስለምትርቅ ሳይሆን፣ የሽክርክሪት ዘንግዋ 23.5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ በመሆኑ ነው። (እንዲያውም ምድር ለፀሐይ አብልጣ የምትቀርበው ሰሜኑ በብርድ በሚኮማተርበት በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ነው።) አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። 59 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በምትገኘው ስቶክሆልም ግን የሰኔው ቀን ወደ 18 ሰዓት ተኩል ሲረዝም፣ የታኅሣሡ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በዚያ አጭር ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ በላይ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ትወጣለች። የዚህን ማዕዘን ሳይን ያሰላ ተማሪ፣ በአግድም መሬት ላይ የሚያርፈው ቀጥተኛ ጨረር ፀሐይ አናት ላይ በሆነች ጊዜ ከሚያርፈው አንድ ስምንተኛ ገደማ መሆኑን ያገኛል፤ ይህም የከባቢ አየሩ ቅነሳ ሳይቆጠር ነው።

ታዲያ የጨረር ማዕዘን ከሰው ስሜት ጋር ምን ያገናኘዋል? መልሱ የሚገኘው በዐይናችን ውስጥ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ዴቪድ በርሰንና ባልደረቦቹ በአይጥ ሬቲና ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከታወቁት ሮድና ኮን ሕዋሳት ሌላ፣ በራሳቸው ብርሃንን የሚቀበሉ የነርቭ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳዩ። ሜላኖፕሲን የተባለ ቀለም የያዙት እነዚህ ሕዋሳት በሰውም ዐይን ይገኛሉ፤ ይበልጥ የሚነቁት 480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ሲሆን፣ ዋና ተግባራቸውም ምስል ማሳየት ሳይሆን በአንጎል ውስጥ ላለው ሰዓት የቀኑን መጀመሪያ ማሳወቅ ነው። ይህ ሰዓት በራሱ ሲተው አንዱን ዙር የሚጨርሰው በአማካይ በ24.2 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ በየዕለቱ ወደ 12 ደቂቃ ይዘገያል፤ የሚያስተካክለው ካጣ በዐሥር ቀን ውስጥ ሁለት ሰዓት ይስታል ማለት ነው። በ1665 እ.ኤ.አ. ክርስቲያን ሃይገንስ በአንድ ድጋፍ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች ውዝዋዜያቸው እንደሚጣጣም አስተውሎ ነበር። የእኛም ሰዓት ከምድር ሽክርክሪት ጋር የሚጣጣመው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ በመካከል ያለው ማያያዣ በተለይ የጠዋት ብርሃን ነው።

ይህ ማያያዣ ሲላላ አንዳንድ ሰዎች በየዓመቱ በዚያው ወቅት በድብርት ይያዛሉ። ኖርማን ሮዘንታልና ባልደረቦቹ ሁኔታውን በ1984 እ.ኤ.አ. በሕመምነት ገልጸው ከነብርሃን ሕክምናው አቀረቡት። ዛሬ የተለመደው ሕክምና በየጠዋቱ ለ30 ደቂቃ ያህል ከ10,000 ሉክስ ብርሃን ፊት መቀመጥ ነው። የዐይን ሕመም ያለበት፣ ወይም ስሜቱ ከድብርት ወደ ከፍተኛ መነቃቃት የሚዋዥቅ ሰው ግን ያለ ሐኪም ምክር ሊሞክረው አይገባም።

አሁን ወደ ጐረቤታችን ዘይትና ዝንጅብል እንመለስ። ጥንታዊው ቻራካ ሳምሂታ ዓመቱን በስድስት ወቅቶች ይከፍላል፤ ለእያንዳንዱም ምግቡን፣ እንቅልፉንና እንቅስቃሴውን ይደነግጋል። ለብርዱ ወቅት ከታዘዙት መካከል ዘይት መቀባት፣ ትኩስ ምግብና ፀሐይ መሞቅ ይገኙበታል። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ሌላ ሐሳብ ነው። በአዩርቬዳ ትምህርት ቫታ፣ ፒታና ካፋ የተባሉት ሦስት ኃይላት በአንዱ ወቅት ይከማቹና በሚቀጥለው ይገነፍላሉ፤ በብርዱ የተጠራቀመው ካፋ የሚያውከው በጸደይ ነው። ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚደረገው ሽግግርም የ14 ቀን ድልድይ ተበጅቶለታል፦ የአሮጌው ወቅት የመጨረሻ ሰባት ቀናትና የአዲሱ የመጀመሪያ ሰባት ቀናት። በዚህ ጊዜ የቀድሞው ልማድ ቀስ በቀስ ይተዋል፤ አዲሱም እንዲሁ ይለመዳል። በውጭ ኃይል የሚወዛወዝ ሥርዓት ምላሹ ከኃይሉ ኋላ እንደሚቀር ለሚያውቅ የፊዚክስ ተማሪ፣ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ በሰሜኑ አብዛኛው አገር ዋናው ብርድ የሚመጣው ከአጭሩ ቀን ሳምንታት በኋላ አይደለምን? ይሁን እንጂ መመሳሰል ማስረጃ አይደለም። ቫታንና ካፋን የሚለካ መሣሪያ የለም፤ እኛም የቀን መቁጠሪያውን እንቀበላለን እንጂ ኃይላቱን በፊዚክስ መዝገብ አናሰፍርም። መድኃኒቶቹን በተመለከተ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተገዙ 193 የአዩርቬዳ ምርቶች አንድ አምስተኛ ያህሉ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንደተገኘባቸው አሳይቷል።

አስተውሎት የምንለው ከቡድሃ ትምህርት የመጣውን፣ በፓሊ ቋንቋ ሳቲ የሚባለውን ልምምድ ነው። ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥልጠና አድርጎ አዘጋጀው። ልምምዱ ቀላል ይመስላል፦ ተቀምጦ ትንፋሽን መከታተል፣ የሚመጣውን ሐሳብ ሳይከራከሩት «ይህ ሐሳብ ነው» ብሎ ማሳለፍ። ከዚህ የተወለደው የሥነ ልቦና ሕክምና በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ጊዜ በድብርት የተያዙ ሰዎች ሕመሙ እንዳያገረሽባቸው እንደሚረዳ ታይቷል። ብርሃኑን አይጨምርም፤ የሚለውጠው ስለ ጨለማው ለራሳችን የምንነግረውን ነው። ደብዳቤውን ያጻፈን ድካሙ ብቻ አልነበረም፤ «ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርንም» የሚለው ትርጓሜ ነበር እንጂ። ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ወይም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ከመጣ ግን ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ለእኛ አገር አንባቢ አንድ ነገር እንጨምር። የእኛ ክረምት የረጅም ቀናት ወቅት ነው፤ የሚጋርደን ደመናው ነው። ሆኖም ደመናማ የክረምት ጠዋት እንኳ ውጭ እስከ 10,000 ሉክስ ሊደርስ ሲችል፣ አምፖል የበራበት የጥናት ክፍል ብዙ ጊዜ ከ300 ሉክስ አይዘልም። ዐይናችን ከሁለቱም ጋር ፈጥኖ ስለሚላመድ ልዩነቱ ይህን ያህል መሆኑን አንገነዘብም። ብርሃን መለኪያ ፕሮግራም የተጫነበት የእጅ ስልክ ያለው ተማሪ ሊሞክረው ይችላል፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ መጀመሪያ በጠረጴዛው ላይ፣ ቀጥሎ በመስኮቱ አጠገብ፣ በመጨረሻም በረንዳው ላይ ወጥቶ ይለካና ሦስቱን ቁጥሮች ጐን ለጐን ይጻፍ።