ጣቢያው የተወውን ዲቪዲው ሲያነሳው

በአሜሪካ ቴሌቪዥን አንድ ተከታታይ ድራማ የሚቋረጠው አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ስላለቀ አይደለም። ጣቢያው ለማስታወቂያ አሠሪዎች የሚያቀርበው የተመልካች ቁጥር ወጪውን አልሸፍን ሲለው ነው። በዚህ ስሌት ደጋግሞ የሚጎዳው ሳይንሳዊ ልብወለድ ነው። ለቀረጻ የሚገነባው ቦታ (ሴቱ) ውድ ነው፣ ሜካፑ ሰዓታት ይፈጃል፣ የኮምፒውተር ምስሉ ገንዘብ ይበላል፤ ታሪኩም ከሲዝን ሲዝን ስለሚያያዝ መሃል ላይ የገባ ተመልካች በቀላሉ አይከተለውም። ሲቋረጥም ጉዳቱ ከሌላው ዘውግ ይከፋል። የፖሊስ ድራማ ቢቆም የዚያ ምሽቱ ወንጀል ቢያንስ እልባት አግኝቷል። የጠፈር ጦርነት መሃሉ ላይ ሲቆም ግን ተመልካቹ ለዓመታት የተከተለው ጥያቄ እንደተንጠለጠለ ይቀራል።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በየዘመኑ የተለያየ መንገድ ተሞክሯል። ስታር ትሬክ እ.ኤ.አ. በ1969 ከ79 ክፍሎች በኋላ ሲቋረጥ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተዋንያኑ በፊልም ሲኒማ ቤት የገቡት ከአሥር ዓመት በኋላ ነበር። ኤሊየን ኔሽን በ22 ክፍሎች ተንጠልጥሎ ከቀረ በኋላ ያው ያቋረጠው ፎክስ ከ1994 እስከ 1997 አምስት የቴሌቪዥን ፊልሞች ሠራለት። በ2002 የተሰረዘው ፋርስኬፕ በ2004 በአጭር ተከታታይ ተቋጨ። ከእነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ግን አንድ ሌላ መንገድ አለ፤ ታሪኩን ጣቢያም ሲኒማ ቤትም ሳያልፍ በቀጥታ በቪዲዮ ወይም በዲቪዲ ለተመልካቹ መሸጥ። ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ የአፍቃሪዎች ታማኝነት ድል ተደርጎ ይነገርለታል። ታማኝነቱ እውነት ነው፤ ብቻውን ግን አንድም ፊልም አላሠራም። መንገዱ የሠራው የዲስክ ገበያው ትኩስ በነበረበት ጊዜ፣ ሴቱ ሳይፈርስና ተዋንያኑ ሳይበተኑ ነው። የሠራውም በዋነኛነት የተጀመረውን ለመጨረስ እንጂ አዲስ ዘመን ለመክፈት አይደለም።

የመንገዱ ቀዳሚ ከብሪታንያ ነው። ዶክተር ሁ በ1989 መገባደጃ ከቢቢሲ ስክሪን ሲጠፋ ጥቂት የፕሮግራሙ ወዳጆች የራሳቸውን ፊልም በቪኤችኤስ ካሴት መሥራት ጀመሩ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ዶክተሩን፣ መንካት አይችሉም ነበር፤ የቢቢሲ ንብረት ነው። በዚያ ዘመን በነበረው አሠራር ግን ለፕሮግራሙ የጻፉ ደራሲያን የፈጠሯቸው አንዳንድ ፍጡራንና ሰዎች መብታቸው በራሳቸው እጅ ቀርቶ ስለነበር ከነሱ ጋር መዋዋል ይቻል ነበር። በ1995 የወጣው ዳውንታይም የተሠራው በዚህ ቀዳዳ ነው። ኒኮላስ ኮርትኒ በፕሮግራሙ የሚታወቀውን ብሪጋዴር ሌዝብሪጅ ስቱዋርትን ሆኖ ተመለሰ፣ ኬት የምትባል የብሪጋዴሩ ልጅም በዚያው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ታየች። በጥቂት ገንዘብ የተሠራ፣ ጥቂት ሰው ያየው ካሴት ነው። ሆኖም ቢቢሲ እንደገና በጀመረው ዶክተር ሁ ውስጥ በ2012 ኬት ሌዝብሪጅ ስቱዋርት በጄማ ሬድግሬቭ ተተውና ገባች፤ ከዚያ ወዲህም ከፕሮግራሙ ቋሚ ሰዎች አንዷ ሆናለች። የካሴት ፊልም ለዋናው ታሪክ ዘላቂ ሰው ያበረከተበት እንዲህ ያለ ሁኔታ እምብዛም አይገኝም፤ ሊታወስለትም ይገባል።

ካሴት ግን ትልቅ ገንዘብ የሚያመጣ ነገር አልነበረም። አንድ ሲዝን በካሴት ለመግዛት መደርደሪያ ሙሉ ቦታ ያስፈልግ ነበር። ዲቪዲ በ1997 አሜሪካ ገብቶ፣ ፎክስም በ2000 የኤክስ ፋይልስን የመጀመሪያ ሲዝን በሙሉ በአንድ ሣጥን ሲያወጣ ስቱዲዮዎች አንድ ነገር አዩ። ማስታወቂያ አሠሪው በቁጥር ትንሽ ብሎ የናቀው ተመልካች ከራሱ ኪስ በርከት ያለ ዶላር አውጥቶ ሙሉ ሲዝን ይገዛል። ለጣቢያው አንድ ተመልካች አንድ ጥንድ ዓይን ነው፤ ሲወደውም ሲሰለቸውም ዋጋው ያው ነው። ለዲስክ ሻጩ ግን የወደደና የሰለቸው ሰው ፈጽሞ አይተካከሉም። በ2002 ከተሠሩት 14 ክፍሎች 11ዱን ብቻ አስተላልፎ ፎክስ የሰረዘው ፋየርፍላይ ሣጥኑ በ2003 መጨረሻ ሲወጣ በደንብ ተሸጠ፤ ሽያጩም ዩኒቨርሳል ሰሬኒቲ የተባለውን የሲኒማ ፊልም እንዲሠራ አግዟል። 39 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀው ይህ ፊልም በ2005 በዓለም ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ከወጪው ብዙም አልራቀም፤ ሲኒማ ቤቶች ድርሻቸውን ሲወስዱ ደግሞ ለስቱዲዮው የሚደርሰው ይቀንሳል። ትምህርቱ ግልጽ ነበር። ይህ ተመልካች ዲስክ ይገዛል፣ በመላው ዓለም ሲኒማ ቤት ለመሙላት ግን ቁጥሩ አይበቃም።

ትምህርቱን በደንብ የተጠቀመበት ስታርጌት ኤስጂ-1 ነው። በ1997 በሾውታይም ተጀምሮ ኋላ ወደ ሳይፋይ ቻናል የተዛወረው ይህ ድራማ ከአሥር ሲዝንና ከ214 ክፍሎች በኋላ አበቃ፤ የመሰረዙ ዜና የተሰማው በ2006 ክረምት፣ 200ኛው ክፍል በተላለፈበት ሰሞን ነበር። ኦራይ ከሚባሉት፣ አምላክ ነን ከሚሉት ኃይሎች ጋር የሚደረገው ጦርነት እልባት አላገኘም። የድራማው ባለቤት የሆነው ስቱዲዮ ኤምጂኤም በእያንዳንዳቸው 7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚፈጁ ሁለት የዲቪዲ ፊልሞች እንዲሠሩ ፈቀደ። ይህ ገንዘብ የበቃው በአንድ ምክንያት ነው። በቫንኩቨር የብሪጅ ስቱዲዮ ውስጥ የታናሽ እህቱ ድራማ፣ የስታርጌት አትላንቲስ፣ ቀረጻ ገና አልቆመም። ድራማው የተሰየመበት የኮከብ በር እዚያው ቆሟል፣ ባለሙያው አልተበተነም፣ ልብሱና መሣሪያው በመጋዘን ነው። ሴት ከባዶ ይገንባ ቢባል ኖሮ ገንዘቡ በእንጨትና በቀለም ያልቅ ነበር።

ሁለቱ ፊልሞች የተለያየ መንገድ መረጡ። በመጋቢት 2008 የወጣው የእውነት ታቦት፣ በሮበርት ኩፐር ተጽፎና ተዘጋጅቶ፣ የኦራይን ጦርነት ዘጋ፤ ላልተከታተለ ሰው ምንም አይገባውም፣ እንዲገባውም ብዙ አልደከመም። በሐምሌ የወጣውን ኮንቲንዩምን ብራድ ራይት ጽፎ ማርቲን ዉድ አዘጋጀው። እዚህ ባኣል የተባለው ጠላት ወደ 1939 ተመልሶ የኮከብ በሩን ወደ አሜሪካ የምታጓጉዘውን መርከብ ያስቀራል። ቡድኑ ወደ ምድር ሲመለስ የሚያገኘው የስታርጌት ፕሮግራም ኖሮ የማያውቅበት ዓለም ነው፤ ራሳቸውን የሚያገኙትም በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ፣ በዚያችው መርከብ ቅሪት ውስጥ ነው። ይህ ትዕይንት ስቱዲዮ ውስጥ በነጭ ዱቄት አልተሠራም። በ2007 የጸደይ መግቢያ አዘጋጆቹና ጥቂት ተዋንያን በበረዶው ላይ ወደተተከለ የምርምር ሰፈር ሄዱ፤ አሌክሳንድሪያ የተባለችው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ በረዶውን ሰንጥቃ ስትወጣ በካሜራ ቀረጿት። ጥቁሩ ግንብ ከነጩ መካከል ብቅ ሲል፣ ሰዎቹ ከሱ አጠገብ ምን ያህል ትንሽ እንደሆኑ ሲታይ፣ በ7 ሚሊዮን ዶላር ፊልም ላይ የማይጠበቅ ግርማ ይሰማል። ግርማው የተገኘው በገንዘብ አይደለም፤ ፕሮግራሙ በአሥር ዓመት ውስጥ ከአሜሪካ ጦር ጋር ባጎለበተው ወዳጅነት ነው። ይህም እንደ ሴቱ ሁሉ ከረዥሙ ሥራ የተወረሰ ሀብት ነው። ጄኔራል ሃመንድን የተጫወተው ዶን ዴቪስ ፊልሙ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው አረፈ፤ በዚህ ሚና ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እዚሁ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም በፊውቹራማ ሊሞገት ይችላል። ፎክስ በ2003 ከ72 ክፍሎች በኋላ የተወው ይህ ካርቱን ከ2007 እስከ 2009 በአራት የዲቪዲ ፊልሞች ተመለሰ፤ በዚያ ሳያበቃም 26 አዳዲስ ክፍሎች ታዘዙለት፣ እስከ 2013 ኖረ፣ በ2023 ደግሞ ሁሉ (Hulu) በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ እንደገና ተጀመረ። ታዲያ ዲቪዲው አዲስ ዘመን አልከፈተም ወይ? ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ አሠራሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን አቋሙን ያጠናክረዋል። አራቱ ፊልሞች ከመጀመሪያው የታቀዱት እያንዳንዳቸው በአራት ተቆርጠው 16 የቴሌቪዥን ክፍሎች እንዲሆኑ ነው፤ ኮሜዲ ሴንትራል የተባለው ጣቢያ አዳዲስ ክፍሎችን ለማሳየት ቀድሞ ተስማምቶ ነበር። ስለዚህ ዲስኩ የቴሌቪዥኑ መመለሻ ወጪ ተጋሪ እንጂ ብቸኛ ተሸካሚ አልነበረም። የተቆራረጠው ቅርጽም ፊልሞቹን ጎድቷቸዋል፤ በየሃያ ደቂቃው ታሪኩ አዲስ እስትንፋስ ሲወስድ ይታወቃል። ካርቱን መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። የሚፈርስ ሴት የለም፣ የሚሸብት ፊት የለም።

ሴቱ ሲፈርስ የሚሆነውን ባቢሎን 5 አሳይቷል። ድራማው በ1998 ካበቃ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የድራማው ፈጣሪ ማይክል ስትራዚንስኪ ሎስት ቴልስ የተባለውን ዲቪዲ በትንሽ በጀት ሠራ። በመካከሉ ተዋንያኑ ሪቻርድ ቢግስና አንድሪያስ ካትሱላስ ሞተዋል፤ ታሪኩ የሚካሄድበት የጠፈር ጣቢያ ደግሞ በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት በኮምፒውተር የተሳለ ነው። ውጤቱ ጥቂት ሰዎች በባዶ ክፍሎች የሚነጋገሩበት ፊልም ሆነ። ንግግሩ የስትራዚንስኪ ነው፣ ክብደትም አለው፤ በኮሪደሩ የሚያልፈው የዓለማት ሕዝብ ግን ቀርቷል፣ ባቢሎን 5ን ባቢሎን 5 ያደረገው ደግሞ እሱ ነበር። ተከታዮቹ ታሪኮች ታስበው ነበር፤ ስትራዚንስኪ በዚያ በጀት እንደማይቀጥል ተናግሮ አቆመው። ትክክል ነበር።

ሌላም ትችት አለ። እንዲህ ያለ ፊልም ለገዢው ብቻ ስለሚሠራ በራሱ ዓለም ውስጥ ይዘጋል፣ አዲስ ሰው አይጋብዝም ይባላል። የእውነት ታቦትን ያየ ሰው ይህን መካድ አይችልም። ነገር ግን የልብወለድ የመጨረሻው ምዕራፍ መጀመሪያውን ላላነበበ ሰው አልተጻፈም ተብሎ አይነቀፍም። ደራሲ አሥር ዓመት አብሮት ለቆየ ተመልካች መጨረሻውን መንገር ግዴታው ነው፤ እንግዳ መቀበል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

በሩ የተዘጋው በፍጥነት ነው። የአሜሪካ የዲቪዲ ገበያ ከ2006 አካባቢ በኋላ ማሽቆልቆል ጀመረ። አትላንቲስ በ2008 ከ100 ክፍሎች በኋላ ሲሰረዝ የማጠቃለያ ፊልም ተስፋ ተሰጥቶት ነበር፤ ኤስጂ-1ም ሦስተኛ ፊልም ይጠብቅ ነበር። ኤምጂኤም በኅዳር 2010 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ ሦስተኛው ድራማ ስታርጌት ዩኒቨርስም በዚያው ሰሞን ተሰረዘ። በ2011 ብራድ ራይት ፊልሞቹ እንደማይሠሩ ለአፍቃሪዎቹ ነገራቸው። የተመልካቹ ታማኝነት ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው አልቀነሰም፤ የከዳቸው ገበያው ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ ኔትፍሊክስና መሰሎቹ ተክተውታል የሚለው አባባል ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ሴንስ8 ከተሰረዘ በኋላ ከተመልካቾች ጩኸት የተነሳ በ2018 የመዝጊያ ፊልም አግኝቷል። በጥር 2023 የተሰረዘው 1899 የተባለ ድራማ ግን በአንድ ሲዝን ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ወርሃዊ ክፍያ የሚከፍል ሰው ገንዘቡ ለየትኛው ድራማ እንደሆነ መናገር አይችልም፤ ዲስክ ገዢ ግን በትክክል ይናገር ነበር።

የቀረው ቀዳዳ ሥዕል ነው። በነሐሴ 2023 ባቢሎን 5 ዘ ሮድ ሆም በሚል ርእስ እንደ ካርቱን ፊልም በቀጥታ ለዲስክና ለኪራይ ወጣ። ብሩስ ቦክስላይትነር፣ ክላውዲያ ክርስቲያንና ፒተር ጁራሲክ በድምፃቸው ተመለሱ፤ የሞቱትን ተዋንያን ሚና ሌሎች ድምፆች ያዙት። በ2007 በባዶ ክፍሎች የታየው የጠፈር ጣቢያ በሥዕሉ ላይ እንደገና በሰው ተሞልቷል።