ሳይጠየቁ የተነሡ ፎቶዎች

እንግሊዞች ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ውኃው የሚገባ፣ ግን ወዲያ ማዶ የማያደርስ ድልድይ አላቸው፤ ፒር ይሉታል። ሲጀመር የመርከብ ማረፊያ ነበር። በኋላ በባቡር የሚጎርፈው የከተማ ሰው መርከብ ሳይሳፈር ባሕር ላይ የሚንሸራሸርበት መዝናኛ ሆነ። የሳውዝኤንዱ ፒር ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በ1899 የተከፈተው የብራይተኑ ደግሞ ዛሬም ሰው አያጣም (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ከ1920ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በፒር መግቢያ አካባቢ የማይጠፋ ባለሙያ ነበር፦ አላፊ አግዳሚውን የሚያነሣ ፎቶግራፈር። በእኛ አደባባዮች ካሜራ ያንጠለጠለው ልጅ አስቀድሞ «ፎቶ ላንሣችሁ?» ይላል። ይኼኛው አይጠይቅም። ቤተሰቡ እየተጫወተ ሲመጣ ቀጭ ያደርግና ቁጥር ያለበት ወረቀት ያስይዛቸዋል። ፎቶው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ በድርጅቱ ሱቅ ይታያል። የወደደ ከፍሎ ይወስዳል፤ ያልወደደ ትቶት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ በፖስት ካርድ ወረቀት ላይ ስለሚታተም፣ ከጀርባው ሁለት መስመር ጽፎ ለዘመድ መላክም ይቻላል። በማርጌት ከተማ የነበረው ሰንቢም የተባለው ድርጅት በዚህ ሥራ ስሙ የታወቀ ነው።

ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። የፒር መግቢያ ጠባብ ነው፤ ሁሉም በዚያው ያልፋል። የሚመጣውም ሰው የክት ልብሱን ለብሶ፣ ለማውጣት ያሰበውን ገንዘብ ይዞ ነው። አንሺው ሌንሱን ለተወሰነ ርቀት አስቀድሞ አስተካክሎ ይጠብቃል፤ ሰዎቹ እዚያ ሲደርሱ ብቻ ይጫናል። የሚያነሣቸው ከፊት ለፊት ነው፤ ወደ ካሜራው የሚመጣ ሰው በጎን ከሚያልፍ ሰው ይልቅ ምስሉ ሳይደበዝዝ ይቀራል። አንዳንድ ድርጅቶች የሲኒማ ካሜራ ለዚሁ ሥራ አስተካክለው ሦስት ምስል በተከታታይ ያነሡ ነበር። ለደንበኛው በሚደርሰው ቀጭን ቁራጭ ላይ እናት በመጀመሪያው ባርኔጣዋን ከነፋስ ስትይዝ፣ በሁለተኛው አንሺውን ስታስተውለው፣ በሦስተኛው ስትስቅ ልትታይ ትችላለች። ስቱዲዮ ገብቶ ትንፋሹን ውጦ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ አይኖረውም።

ሌላም ጥቅም ነበረው። ካሜራ ያለው ቤተሰብ እንኳ፣ የሚያነሣው አባት ከሆነ አባት ከአልበሙ ይጎድላል። በፒር ፎቶ ውስጥ ግን ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ ልጁን በእጁ ይዞ እሱም አለ።

ሁሉም አልወደዳቸውም፤ ጎዳና እየዘጉ ሰው ያስቸግራሉ የሚል ቅሬታ ነበር። ርካሽ ካሜራ በየቤቱ ሲገባና እንግሊዞች ለዕረፍት ወደ ስፔን መብረር ሲጀምሩ ገበያው ቀዘቀዘ።

ልክ በዚያ ሰሞን ሌላ ዓይነት አንሺ ወደ ባሕር ዳርቻው መጣ። ቶኒ ሬይ ጆንስ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዞችን በዕረፍት ቀናቸው እየዞረ አነሣ፤ በ1972 ገና በ30 ዓመቱ ሞተ። እሱን ያደንቅ የነበረው ማርቲን ፓር ደግሞ በሊቨርፑል አጠገብ ባለችው ኒው ብራይተን በቀለም ፊልም፣ በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ እያበራ፣ አይስክሬም የተለወሱ ሕፃናትንና በቆሻሻ መሐል የተኙ ፀሐይ ሟቂዎችን አነሣ። መጽሐፉ በ1986 ሲወጣ አንዳንዶች በድሃ ላይ አፌዘ አሉት። እኔ ማፌዝ ነው አልልም፤ ዓይኑ ስለታም ነው። ግን በእነዚያ ፎቶዎች ላይ የመጨረሻው ቃል የአንሺው ነው፤ የተነሣው ሰው ምስሉ መጽሐፍ ውስጥ ይግባ አይግባ የሚወስንበት ሱቅ የለም። የፒሩ ነጋዴ ስለ ጥበብ አልተጨነቀም፤ ያም ሆኖ ፍርዱን ለተነሣው ሰው ይተው ነበር።

ለዚህም ነው ዛሬ በአሮጌ አልበሞችና በየአሮጌ ዕቃ ገበያው የሚገኙት ካርዶች ታሪክ ጸሐፊን ትንሽ የሚያታልሉት። የሚያሳዩት ሰዎች ራሳቸውን አይተው፣ ወደው፣ ከፍለው የወሰዱትን ብቻ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው የተነሡት፣ እየተጨቃጨቁ ያለፉት፣ አብረው መታየት ያልፈለጉት ጥንዶች ሱቅ ውስጥ ቀርተዋል።