የመምህራን የሥራ ዋስትናና የስንብት ሥርዓት በከፍተኛ ትምህርት

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ1997 ፓሪስ ላይ ባካሄደው ስብሰባ የከፍተኛ ትምህርት መምህራንን ደረጃ የሚመለከት የውሳኔ ሃሳብ አጽድቋል። ሰነዱ እንደ ዓለም አቀፍ ስምምነት አስገዳጅ ባይሆንም፣ የሥራ ዋስትና ምንነትን በዝርዝር ያስረዳል።

የዋስትናው ዋነኛ ዓላማ አንድ መምህር በምርምር የደረሰበት ውጤት ኃላፊዎችን ስላላስደሰተ ብቻ ከሥራው እንዳይፈናቀል መከላከል ነው። ይህ ሲባል ግን መምህሩ ከተጠያቂነት ነጻ ይሆናል ማለት አይደለም። ሥራን በተደጋጋሚ ችላ ማለት፣ ከፍተኛ የብቃት ማነስ፣ የምርምር ውጤትን አስመስሎ ማቅረብና ከባድ የገንዘብ ጉድለት ለስንብት በቂ ምክንያቶች ሊሆኑ ይችላሉ።

ይሁንና ጥፋት ተፈጽሟል መባሉ ብቻውን ለስንብት አያበቃም። ጥፋቱ ገለልተኛ በሆነ አካል ፊት መረጋገጥ አለበት። የተሰናበተው መምህርም ከተቋሙ ውጪ ላለ ነጻ አካል፣ ለምሳሌ ለፍርድ ቤት፣ ይግባኝ የማለት መብት ሊኖረው ይገባል።

የበጀት እጥረትም ቢሆን ቅድመ ሁኔታ አለው። ተቋሙ መምህራንን በዚህ ምክንያት ለመቀነስ የሂሳብ መዝገቡን ለሕዝብ ክፍት ማድረግና ሌሎች አማራጮችን አስቀድሞ መሞከር ይጠበቅበታል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው የሥራ ዋስትና ስንብትን የሚከለክል ሳይሆን በኃላፊዎች ፈቃድ ብቻ እንዳይፈጸም የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን የተከተለ ውሳኔ ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ውሳኔውን ለሰጠው ኃላፊም መከላከያ ይሆነዋል።