የቆቦ አዳራሽ፦ ከግድግዳ በፊት ጣሪያ

በራያ ቆላ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ከአጀንዳው ይልቅ የሚያስጨንቀው ሰዓቱ ነው። ፀሐይዋ ከበረታች በኋላ ሕዝብ ቆርቆሮ ሥር አስቀምጦ ማወያየት ጭንቅ ነው፤ በማለዳ እንዳይጠራ ደግሞ ገበሬው ማሳው ላይ ነው። ቤቱ ሞልቶ ዋናው ጉዳይ ላይ ሲደረስ ግማሹ ተሰብሳቢ ወጥቶ ጥላ ፍለጋ ሄዷል። ክረምት ሲገባ ችግሩ መልኩን ይቀይራል። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ተናጋሪው ይጮኻል፣ ከኋላ ያለው አይሰማም፣ እስኪያባራ ድረስ ዝም ተብሎ ይጠበቃል።

የሕዝብ መሰብሰቢያ በምን ይሠራ የሚለው ክርክር በአገራችን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው «በጭቃ ወይስ በብሎኬት?» ተብሎ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነት ተመላልሶ በሰሜን ወሎ ብዙ የሕዝብ ተቋማት ከተጎዱ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የመልሶ ግንባታም ጥያቄ ሆኗል። ለእኔ ግን ጥያቄው ከመነሻው ተጣሟል። እንደ ቆቦ ባለ የራያ ቆላ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ግድግዳው ከምን ይሠራ የሚለው ሳይሆን ጣሪያውና አየሩ ነው።

ራያ ለዘመናት ሲሰበሰብ የኖረው ያለ አዳራሽ ነው። ደም ለማድረቅ ሽማግሌዎች የሚቀመጡት ዛፍ ሥር ነው፤ ሠርጉና ተዝካሩ በዳስ፣ ወዳጃው፣ የጋራ ጸሎቱ፣ በሰው ቤት ይከናወናል። ዳስ እንደ ቀላል ነገር ይታያል እንጂ ለአገሩ የተስማማ ሥራ ነው። ቋሚ ይተከላል፣ ወራጅ ይጋደማል፣ ጨፈቃና ቅጠል ይለብሳል፤ ጎኑ ክፍት ነው። ጥላ ይሰጣል፣ ነፋስ አይከለክልም፣ እንግዳ ሲበዛ በአንድ በኩል ይቀጠልለታል። ጉድለቱም የታወቀ ነው፦ ዝናብ አይችልም፣ መዝገብና ወንበር አይቆለፍበትም፣ ድግሱ ሲያልቅ ይፈርሳል።

ባለ ግድግዳው አዳራሽ በየቦታው የተስፋፋው ከ1967ቱ የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች በኋላ ነው። የገበሬ ማኅበርና የከተማ ቀበሌ ሲቋቋሙ ጽሕፈት ቤትና መሰብሰቢያ አስፈለገ። ቅርጹ ግን የደጋ ልጅ ነው። ለወሎ ሰው ቅርቡ ምሳሌ ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ ነው፤ ሕዝብ ለግብር የሚቀመጥበት፣ ዙሪያው የተዘጋ ሰፊ ቤት። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ብርድን የሚከለክል ግድግዳ ደግ ነገር ነው። ቆቦ ግን 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአንድ ሺህ ሜትር ልዩነት አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይሞቃል። አንዱን ፕላን ለሁለቱም መስጠት ለአንዱ ጋቢ፣ ለሌላው ላብ ማደል ነው።

የሕዝብ ቤት ከመኖሪያ ቤት የሚለይበት ሌላም ነገር አለ፤ እሱም ሰው ራሱ ሙቀት መሆኑ። ዝም ብሎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ከገላው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይለቃል። ሦስት መቶ ሰው ሲቀመጥ 30 ኪሎ ዋት ይሆናል። ወፍራም የአፈር ወይም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ ለሰዓታት አዘግይቶ ማቆየት ይችላል፤ የሦስት መቶ ሰው ትንፋሽ ግን በግድግዳ አይመለስም። መውጫ ይፈልጋል፤ ዝቅ ብሎ ነፋስ የሚገባበት ሰፊ መስኮት፣ ከፍ ብሎ ጣሪያው አፋፍ ላይ ግለቱ የሚወጣበት ክፍተት። ይህን ያላሰበ የጭቃ አዳራሽ ካላሰበው የብሎኬት አዳራሽ ብዙም አይሻልም።

የፀሐይዋ መንገድም አለ። ቆቦ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአናት አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። እነዚህን ሁለት ጎኖች መካከለኛ በረንዳ ይከልላቸዋል። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ ስለምትመጣ በረንዳ አያግዳትም። ስለዚህ ቤቱ በርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይጋደማል፣ ጠባቦቹ ጎኖች መስኮት አይወጣላቸውም። ይህ አንድ ብር አያስወጣም፤ መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት ገመዱን በሌላ አቅጣጫ መዘርጋት ብቻ ነው። እንዲህም ሆኖ ብዙው አዳራሽ የሚሠራው ፊቱን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው።

ስለ ቆርቆሮ ክፉ ማውራት የተለመደ ስለሆነ ትንሽ ልከራከርለት። ሣር ክዳን ቀዝቃዛ ነው፤ ግን ሣሩ የታል? የማሽላው አገዳም ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይፈለጋል። ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ አይበሰብስም፣ ውኃ ያጠራቅማል። 300 ካሬ ሜትር ክዳን ላይ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ የሚባክነው ተቀንሶ 140 ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይገኛል። የቆርቆሮ ጥፋቱ ራቁቱን ከሰው አናት በላይ መቀመጡ ነው።

ለዚህ መፍትሔውን ያሳየው የቡርኪና ፋሶ ተወላጁ አርክቴክት ዲየቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ ነው። በትውልድ መንደሩ በጋንዶ እ.ኤ.አ. በ2001 በተጠናቀቀው ትምህርት ቤት የሸክላ ኮርኒስ ሠራ፤ ቆርቆሮውን ደግሞ ከቀጭን ፌሮ በተበየደ ክፈፍ ላይ ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። በሁለቱ መካከል ነፋስ ያልፋል፤ የቆርቆሮው ግለት ከታች ላለው ልጅ ሳይደርስ ይወሰዳል። የዝናቡም ጩኸት በኮርኒሱ ይታፈናል። ኬሬ እ.ኤ.አ. በ2022 ትልቁን የፕሪትዝከር የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ለቆቦ የሚጠቅመው ግን ሽልማቱ ሳይሆን ክፈፉ የእጅ መጋዝና ትንሽ የብየዳ ማሽን ብቻ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። የግቢ በር የሚበይድ ሁሉ ይችለዋል።

ከአፈር ግድግዳ ወገን ያለውም ክርክር በቂ ምክንያት አለው። ሲሚንቶ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚነድ እቶን ይመረታል፤ በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ትልቅ ፋብሪካ ቢመረቅም ቆቦ ድረስ የሚያደርሰው መንገድ ረጅም ነው። ልደታ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ በግቢው ውስጥ ባለ ሁለት ወለል የአፈር ቤት ሠርቶ አሳይቷል፦ ተጠቅጥቆ የቆመ የአፈር ግድግዳ፣ ከስስ የአፈር ጡብ የተሠራ ቅስት ጣሪያ። ያማረ ሥራ ነው። ወደ ቆቦ እንዳለ ቢመጣ ግን እፈራለታለሁ።

ቆቦ የተቀመጠው በአፋር ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። በዚሁ ጠርዝ ወደ ደቡብ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ አፍርሷል። ፌሮ የሌለው ከባድ ቅስት በሕዝብ አናት ላይ እዚህ አይመከርም። የአፈር ጡቡ በግድግዳ ላይ ብቻ ይወሰን፤ ከላይ ዙሪያውን በማሰሪያ ቢም ይታሰር፤ ክዳኑ ቀላል ብረትና ቆርቆሮ ይሁን። እግሩም ከድንጋይ ከፍ ብሎ ይነሳ። ምስጥ አለ፤ በክረምት ደግሞ እንደ ጎሊናና ሆርማት ባሉ ወንዞች ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ማሳ እንደሚያጠጣ ሁሉ ቤትም ያጥባል።

ወደ ደቡብ ኮንሶ ብንሄድ ጣሪያን የሚያስቀድም የሕዝብ ቤት ጥንትም እንደነበረ እናያለን። በየመንደሩ ሞራ በሚባለው አደባባይ ላይ የሚቆመው ቤት ታችኛው ክፍል ክፍት ነው፤ በወፋፍራም ቋሚዎች ላይ የሣር ክዳን ይቀመጣል፣ ላዕላዩ ላይ ጎረምሶች ያድራሉ። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። እነዚያ ቤቶች ጸንተው የቆዩት የሚያድሳቸው ስላለ ነው፤ ክዳኑ ሲያረጅ የሚቀይረው የታወቀ ማኅበረሰብ አለ።

የቀበሌ አዳራሽ የሚጎድለው ይኸው ነው። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ይሆንና ሲቆለፍ ይሰነብታል፤ የተሰበረ መስኮት ማን እንደሚጠግን አይታወቅም። እድር በአንጻሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ሳህኑን ቆጥሮ ያስረክባል፣ የቀደደውን ያስከፍላል። የአፈር ግድግዳ በየጥቂት ዓመቱ ምርጊት ይፈልጋል፤ ለዚህ ከበጀት ዓመት ይልቅ የእድር ወርኃዊ መዋጮ ይቀርባል። በዚህ ዓይነት አዳራሹ በአንድ ጫፍ ትንሽ የሚቆለፍ ክፍል፣ በቀረው ደግሞ እስከ ወገብ ብቻ የሚደርስ ግድግዳ ያለው ሰፊ ጥላ ቢሆን ስብሰባውንም፣ ለቅሶውንም፣ ሠርጉንም ይችላል።

ጤና ኬላውና ትምህርት ቤቱ እንደሚሠሩት አዳራሹም አንድ ወጥ ፕላን ተከትሎ የሚሠራ ከሆነ፣ ከዞንና ከክልል ሊጠየቅ የሚገባው ቀላል ነው፦ የደጋና የቆላ ሁለት ፕላን፣ በሁለተኛው ላይ የሰሜን አቅጣጫ ቀስት በግልጽ ተስሎ።