የቁርጥማት መድኃኒት ጠባይ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከመካነ ሰላም እስከ አማራ ሳይንት ባለው አገር፣ ብርዱ ዓፅም ዘልቆ የሚገባ ነው፤ ገበሬው ሞፈር ተሸክሞ፣ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ቆላም ሲወርድ ሲወጣ ኖሮ፣ ካህኑም ሌሊቱን በመቋሚያ ተደግፎ ማሕሌት ሲቆም ዘመኑን ፈጽሞ፣ ጉልበትና ወገብ የሚቆረጥመው ደዌ ከእርጅና ጋር የተሰጠው ዕጣ ይመስለዋል። ወጌሻው አሽቶት፣ ጠበሉንም ተጠምቆ፣ በገበያ ቀን ከመድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ የሚገዛው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን ነው። ክኒኑ ሕመሙን ማስታገሡ እውነት ነው፤ ነገር ግን በምን ኃይል እንዳስታገሠው ያልተነገረው ሰው፣ ጉዳቱ በመጣ ጊዜ ከወዴት እንደ መጣ ሊያውቅ አይችልም፤ በጎውና ክፉው ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸውና።

ሥጋ በተጎዳ ጊዜ ኢንዛይም የተባለው የሰውነት ሠራተኛ ከሕዋሳት ስብ ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ረቂቅ ቅመም ያወጣል፤ በዚህም ቅመም ምክንያት ደም ወደ ሥፍራው ይጎርፋል፣ መገጣጠሚያውም ያብጣል፣ ይግላል፣ ነርቭም ሕመሙን አብዝቶ ይሰማል። ዲክሎፌናክና ወገኖቹ ይህን ኢንዛይም ይዘጉታል። በየወንዙ ዳር የምናየው የአኻያ ዛፍ ነገድ ልጣጭ ሕመምን እንደሚያበርድ የጥንት ሰዎች ያውቁ ነበር፤ ከዚያ ዕውቀት ተነሥተው የጀርመን ኬሚስቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. አስፕሪንን ቀመሙ፤ እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን በ1971 ዓ.ም. አስፕሪንም ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚዘጋ እስኪገልጥ ድረስ ግን ዓለም ምክንያቱን ሳያውቅ ከ70 ዓመት በላይ ሲውጠው ኖረ።

ይኸው ፕሮስታግላንዲን በጨጓራ ውስጥ ልባሱን ከአሲድ የሚጠብቅ፣ በኩላሊትም የደም ሥሮችን ከፍቶ የሚይዝ ነው፤ መድኃኒቱም ጉልበትን ከጨጓራ ለይቶ ስለማያውቅ በሁሉም ሥፍራ ይከለክለዋል። ስለዚህ ጨጓራ ይቆስላል፣ አልፎም ይደማል፤ ሰገራ እንደ ሬንጅ ቢጠቁር የዚህ ምልክት ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ከምግብ ጋር መዋጥ ቃጠሎውን ያቀልል ይሆናል እንጂ ቁስሉን ፈጽሞ አይከለክልም፤ ጨጓራዬን እንዳይጎዳኝ ብሎ መርፌ የሚመርጥም ሰው ተሳስቷል፣ መድኃኒቱ በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳልና። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ክርስቲያን፣ በረመዳንም እስከ መግሪብ የሚታገሥ ሙስሊም፣ ወይም በቆላ ሐሩር ላቡን አንጠፍጥፎ የዋለ መንገደኛ ሰውነቱ ውኃ ያጣ እንደ ሆነ፣ ኩላሊቱ በዚያ ቅመም ላይ ይበልጥ ይደገፋልና በዚያን ሰዓት የሚወሰደው ክኒን ብርቱ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ፅንሳቸውም የገፋ እናቶች ያለ ሐኪም ቃል ሊነኩት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ፕሬድኒሶሎን ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች መገጣጠሚያዋ በብግነት ታስሮ ለነበረ ሴት ኮርቲሶን ቢሰጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች፤ እርሱና ሌሎች ሁለት ሊቃውንት በ1950 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ፕሬድኒሶሎን የዚሁ ወገን ሲሆን፣ የሰውነትን መከላከያ ሠራዊት በመላው ዝም በማሰኘት ብግነቱን ያበርዳል፤ ዝም ባለበት ግን ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ይነቃል፣ ስኳር በደም ውስጥ ይበዛል፣ ለዓፅም ተብሎ የተዋጠው መድኃኒትም ዓፅሙን ራሱን ያሳሳዋል። የሕመምተኛው ፊት ሲሞላ ዘመድ ወዙ ተመለሰ ብሎ ደስ ይለው ይሆናል፤ እርሱ ግን የመድኃኒቱ ጉዳት ነው። ለረጅም ጊዜ የወሰደውም ሰው በድንገት ቢያቆመው፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ሥራውን ትቶ ሰንብቷልና ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ መጠኑ ቀስ በቀስ በሐኪም ትእዛዝ ይቀነሳል።

ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል ዩሪክ አሲድ የሚሠራበትን መንገድ ይዘጋል፤ በሰውነት ላይ ሽፍታ ቢወጣ ወዲያው መተው ያስፈልጋል። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ የዋጠው ሰው መቅኔው ሊመረዝ ይችላል። ለሳሳ ዓፅም የሚሰጠውን አሌንድሮኔት ማለዳ በባዶ ሆድ በብዙ ውኃ ውጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይተኙ መቆየት ግድ ነው፣ ጉሮሮን ያቆስላልና።

ሕመሙን ብቻ ዝም ማሰኘት ደዌውን የሚሸሽግበትም ጊዜ አለ። የጀርባ ሕመም የአከርካሪ ነቀርሳ፣ የመገጣጠሚያውም ቁርጥማት ያልፈላ ወተት ያመጣው ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ለወራትና ለሳምንታት የሚወሰድ የራሳቸው መድኃኒት አላቸው። ጉሮሮው ታሞ ከሰነበተ በኋላ ጉልበቱ፣ ቀጥሎም ቁርጭምጭሚቱ የሚያብጥ ሕፃን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራል፤ እብጠቱ በአስፕሪን ይጠፋል፣ በልቡ በሮች ላይ የጀመረው ጉዳት ግን ይቀራል። እንዲህ ያለው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት መወጋት አለበት፤ ከስንት አንድ ሰው ይህ መድኃኒት በብርቱ ይቆጣዋልና፣ እናቲቱ ልጇን ካስወጋች በኋላ ከጤና ጣቢያው ግቢ ጥቂት አረፍ ብላ ትጠብቅ።